የፊልም ስካነር በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ፤ መሣሪያ ከሠሪው በኋላ እንዴት ይኖራል?

ኒኮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኩልስካን የሚባሉትን የፊልም ስካነሮች መሥራት ካቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከስካነሮቹ ጋራ ይሰጥ የነበረው «ኒኮን ስካን» የተባለው ፕሮግራም በ4.0.3 እትሙ ላይ ቆሟል። ይህ እትም የሚያገለግለው እስከ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ቪስታ ድረስ ላሉት ነው፤ ለ64 ቢቱ ዊንዶውስ ግን ኩባንያው ያዘጋጀው ነገር የለም። አንዳንድ ብልሃተኞች የመጫኛውን ፋይል እየቀየሩ በአዲሱም ዊንዶውስ ላይ ሊያሠሩት ችለዋል፤ ይሁን እንጂ ይህ የባለቤቶቹ ትጋት እንጂ የኩባንያው ሥራ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ሌንሱ ያልደበዘዘ፣ ሞተሩም ያልደከመ መሣሪያ፣ የሚያናግረው ኮምፒዩተር አጥቶ በየመደርደሪያው ተቀምጧል።

ይኸው መሣሪያ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒዩተር ጋራ ሲገናኝ ግን ዛሬም ይሠራል። የሚያስገርመውም ኒኮን ስካን የተዘጋጀው ለዊንዶውስና ለማኪንቶሽ ብቻ ሆኖ ሳለ ነው። ሠሪው ያሰበለት ቤት ሲዘጋበት፣ ያላሰበለት ቤት ተቀበለው ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለመመርመር የምንሞክረው ይኸንኑ ነው። ነገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ የታሪክ ተማሪን በቀጥታ የሚመለከት መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። የፊልም ስካነር እንደ ወረቀት ስካነር ከላይ የሚመጣን ብርሃን መልሶ የሚያይ አይደለም፤ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ አሳልፎ በወዲያኛው ወገን የወጣውን ይለካል። በኩልስካኖቹ ውስጥ ብርሃኑ የሚመነጨው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ጥቃቅን ዳዮዶች ነው። ፊልሙን አንድ ሞተር በእጅግ ትንንሽ እርምጃ ይገፋዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይም በሌንሱ በኩል ያለፈው ብርሃን በአንድ መሥመር በተደረደሩ የብርሃን መለኪያዎች ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤልኤስ-4000 የተባለው ዐይነት በአንድ ኢንች ውስጥ 4,000 ነጥብ ያነባል። ስለዚህ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት ተራ የፎቶግራፍ ፊልም 3,780 በ5,670፣ ማለትም ከ21 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ትሆናለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፣ ለእያንዳንዱም ቀለም ሁለት ባይት ብንመድብ የአንዲቱ ሥዕል ክብደት 128 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ ኋላ ስለ ገመድ ስንናገር ያስፈልገናል።

መሣሪያው ግን በራሱ ምንም አያደርግም። «ሌንሱን አስተካክል፣ ከዚህ እስከዚህ አንብብ፣ ለቀዩ ብርሃን ይህን ያህል ጊዜ ስጥ» ብሎ የሚያዘው ከኮምፒዩተሩ ወገን መኖር አለበት። ይህን አዛዥ ፕሮግራም ድራይቨር ይሉታል። የኛ ታሪክ እንግዲህ የሌንስ ወይም የሞተር ታሪክ ሳይሆን የትእዛዝ ቋንቋ ታሪክ ነው፤ ያን ቋንቋ ማን ያውቀዋል፣ ያወቀውስ ለማን ጽፎ ትቶታል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 አልደስ፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ኮዳክና ሌሎችም ኩባንያዎች ተስማምተው ትዌይን የሚባል ደንብ አወጡ። ዓላማቸው ማናቸውም የሥዕል ፕሮግራም ከማናቸውም ስካነር ጋራ እንዲነጋገር ነበር። ደንቡ ጠቃሚ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በትዌይን ሥርዓት መሣሪያውን የሚያዘው ክፍልና ተጠቃሚው የሚያየው መስኮት በአንድ ድራይቨር ውስጥ ታስረው ይመጣሉ፤ ድራይቨሩንም የሚያቀርበው ሠሪው ነው። ተጠቃሚው እጅ የሚገባው የተዘጋ ዕቃ ነው። ሠሪው ለአዲስ ሥርዓት አዲስ ድራይቨር ባላወጣ ጊዜ ደንቡ ብቻውን ሊረዳው አይችልም። በኒኮን ስካን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

የተዘጋ ድራይቨር የሚያመጣውን ችግር ቀደም ብሎ ያየ ሰው ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ከዜሮክስ በመጣ የሌዘር ማተሚያ ምክንያት ተቈጥቶ እንደነበር ራሱ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። በቀድሞው ማተሚያ ወረቀት ሲጣበቅ ለሠራተኞቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር፤ የአዲሱን ማተሚያ ፕሮግራም ጽሑፍ ግን የሚሰጠው አላገኘም። በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። እንግዲህ የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ሲወለድ ከአዋላጆቹ አንዱ የቢሮ ዕቃ ድራይቨር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስምንት ዓመት ቈይቶ፣ በነሐሴ 1991፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የሚባለውን ከርነል መጻፉን ገለጸ። ከርነል የምንለው የሥርዓቱ አስኳል ሲሆን፣ ፕሮግራሞችንና መሣሪያዎችን የሚያገናኘው እርሱ ነው። ቶርቫልድስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ይህንንም የምንጠቅሰው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ጋራ ስለሚመሳሰል ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1992 ስቶልማን ባዘጋጀው ፈቃድ ሥር አደረገው፤ ፈቃዱም ማንም ሰው የፕሮግራሙን ጽሑፍ እንዲያይ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላው እንዲያካፍል ያስችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን በሊኑክስ ላይ ስካነር ለማሠራት የፈለገ ሰው ለገዛ መሣሪያው የተጻፈ ልዩ ፕሮግራም መፈለግ ነበረበት። አንዱ ፕሮግራም ለአንዱ ዐይነት ብቻ ያገለግላል፤ የሌላው ባለቤት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነበር።

ይህን የለወጠው ሴን የተባለው ሥራ ነው። ስሙ «ስካነርን ማግኘት አሁን ቀላል ነው» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደሎች የተውጣጣ ሲሆን፣ ቃሉ ራሱ ደግሞ «አእምሮው ጤናማ የሆነ» ማለት ነው፤ ቀልዱን ለአንባቢ እንተወዋለን። ዴቪድ ሞስበርገርና አንድሬያስ ቤክ ሥራውን ያቆሙት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሞስበርገር በዚያን ዘመን በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። የሴን ዋና ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ መሣሪያውን የሚያዘውን ክፍልና ለሰው የሚታየውን ክፍል መለየት። የኋላው ክፍል፣ ባክኤንድ የሚባለው፣ የስካነሩን ቋንቋ ብቻ ያውቃል። የፊተኛው ክፍል ደግሞ መስኮቱን ይሥላል፤ ስለ ስካነሩ ግን ከኋለኛው ክፍል ከሚነገረው በስተቀር አንዳች አያውቅም። የኋለኛው «እኔ ያሉኝ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፤ ይህኛው ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ይደርሳል፤ ያኛው አዎን ወይም አይደለም ነው» ብሎ ይዘረዝርለታል፤ የፊተኛውም በዝርዝሩ መሠረት መስኮቱን ያዘጋጃል።

ከዚህ መለያየት ምን ተገኘ? በመጀመሪያ፣ አንድ ሰው ለአንድ ስካነር ባክኤንድ ቢጽፍ፣ ያ ስካነር ባሉት የፊት ፕሮግራሞች ሁሉ ውስጥ ወዲያው ይሠራል። ሁለተኛም ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መኖር ስለማያስፈልጋቸው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለን ስካነር በሌላ ክፍል ያለ ሰው በመረብ በኩል ሊያዘው ይችላል። ለታሪካችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። መስኮቶች በየዐሥር ዓመቱ ፋሽናቸው ይለወጣል፤ የመሣሪያው ቋንቋ ግን መሣሪያው እስካለ ድረስ አይለወጥም። ሁለቱ ተለያይተው ስለተጻፉ መስኮቱ ሲያረጅ ባክኤንዱ አብሮት አላረጀም።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። የሴን ጸሐፊዎች ይህን ቋንቋ ከየት አገኙት? አንዳንድ ሠሪዎች መግለጫ ሰጥተዋል፤ ሌሎች ግን ከልክለዋል። በተከለከለበት ጊዜ የሚደረገው፣ ስካነሩን በሠሪው ፕሮግራም እያሠሩ በገመዱ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ እየመዘገቡ መመርመር ነው፤ የሁለት ሰዎችን የማይታወቅ ቋንቋ በር ላይ ቆሞ እየሰሙ እንደ መማር ያለ ነገር ነው። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለቀድሞዎቹ የፊልም ስካነሮች ግን አንድ መልካም አጋጣሚ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የሚገናኙት ስከዚ በሚባለው ገመድ ሲሆን፣ ስከዚ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የደረጃ ተቋም የጸደቀ የአደባባይ ደንብ ነው። ሁለተኛው እትሙ የስካነሮችን ትእዛዛት ለብቻቸው ይዘረዝራል። በዚህ ደንብ መሠረት ማናቸውም መሣሪያ ማንነቱን ሲጠየቅ ዐይነቱን በቁጥር ይናገራል፤ የስካነር ቁጥር 6 ነው። ሠሪውንና ስሙንም ይጨምራል። የሚነበበውን ስፍራ መወሰን፣ ንባቡን ማስጀመር፣ የተነበበውን መቀበል፣ ሁሉም በደንቡ ውስጥ ተጽፈዋል። ሠሪው የራሱን ልዩ ትእዛዛት ቢጨምርም የቋንቋው ሰዋስው አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ለኩልስካኖች መጀመሪያ ኩልስካን፣ ቀጥሎ ኩልስካን2፣ ኋላም ኩልስካን3 የሚባሉ ባክኤንዶች በተለያዩ ሰዎች እጅ ተጻፉ። የመጀመሪያው እንደ ኤልኤስ-20 ያሉትን ቀደምት የስከዚ መሣሪያዎች የሚመለከት ነበር፤ ሁለተኛው ኤልኤስ-40፣ ኤልኤስ-4000ና ኤልኤስ-8000 የተባሉትን አመጣ፤ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡትን ኤልኤስ-50ንና ኤልኤስ-5000ን ጨመረ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ አንዱ ጸሐፊ ሥራውን ሲተው የሚቀጥለው ከባዶ አለመጀመሩን ነው። የቀደመው ጽሑፍ በፊቱ ተዘርግቶ ነበር።

ገመዱ ግን በመካከል ተለወጠ። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ስከዚ ከተራ ኮምፒዩተሮች ቀስ በቀስ ጠፋ። ኒኮን ኤልኤስ-40ን በዩኤስቢ፣ ኤልኤስ-4000ን ግን ፋየርዋይር በሚባል ሌላ ገመድ አወጣው። ምክንያቱን ከላይ ባሰላነው ቁጥር መረዳት ይቻላል። የዚያን ጊዜው ዩኤስቢ በሰከንድ 12 ሚሊዮን ቢት፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ተኩል ባይት ቢያሳልፍ ነው፤ 128 ሚሊዮን ባይት በዚህ ገመድ ለማለፍ ምንም እንቅፋት ባይገጥመው እንኳ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ፋየርዋይር በሰከንድ 400 ሚሊዮን ቢት ያሳልፋል። ገመዱ ቢለወጥም ግን ቋንቋው አልተለወጠም፤ በአዲሶቹ ገመዶች ውስጥ የሚተላለፈው የስከዚ ትእዛዝ ነበርና። ሊኑክስ የፋየርዋይሩን ስካነር የሚያየው እንደ ስከዚ መሣሪያ አድርጎ ነው፤ በዩኤስቢውም ያው ትእዛዝ በአዲስ ፖስታ ታሽጎ ይላካል። ለስከዚ የተደከመው ድካም እንዲህ ሆኖ ለተከታዩ ትውልድ ተረፈ።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥራው ቀላል ነበር ማለታችን አይደለም። በሊኑክስ ስካነር ለማሠራት የሞከረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ፤ መሣሪያው ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ይታያል፣ ለተራው ተጠቃሚ ግን አይታይም። ሊኑክስ ከዩኒክስ በወረሰው ልማድ እያንዳንዱ መሣሪያ ማን እንዲነካው እንደሚፈቀድ ይጻፍበታል፤ የፈቃዱ ሕግ ስካነሩን ካላወቀው በሩን ይዘጋበታል። በቀድሞው የ2.4 ከርነል ዘመን ለዩኤስቢ ስካነሮች በከርነሉ ውስጥ አንድ ለብቻው የቆመ ክፍል ነበር፤ በ2.6 ዘመን ይህ ክፍል ወጥቶ ሥራው ሊብዩኤስቢ ለተባለ፣ ከከርነሉ ውጭ ላለ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። በዚያ መሸጋገሪያ ትላንት ይሠራ የነበረ ስካነር ዛሬ ዝም ያለባቸው ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ የፈቃዱ ሕግ ከሴን ጋራ አብሮ ስለሚጫን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ራሱን ይፈታል። ካልተፈታ ግን መጀመሪያ ሴን ባለው የመፈለጊያ ፕሮግራም መሣሪያው በገመዱ ላይ መታየቱን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ተገቢው ባክኤንድ በዝርዝሩ ውስጥ መከፈቱን ማየት፣ በመጨረሻም ፈቃዱን መመርመር ነው። በኛ አስተያየት ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ብዙ አይደክምም፤ ከመጨረሻው የሚጀምር ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል።

ከዚህ አሳባችን ጋራ የማይስማማ ሰው ሊያቀርበው የሚችለው ጠንካራ መከራከሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ፣ ኤድ ሃምሪክ የጻፈው ቪውስካን የሚባል ፕሮግራም በገንዘብ ይሸጣል፤ ጽሑፉም ዝግ ነው። ይሁን እንጂ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በማኪንቶሽም ላይ እጅግ ብዙ ስካነሮችን፣ ኩልስካኖቹንም ጨምሮ፣ ያሠራል። ስለዚህ መሣሪያን ከሠሪው በኋላ ለማኖር የግድ የተከፈተ ጽሑፍ አያስፈልግም ሊባል ይችላል። መልሳችን ይህ ነው። ቪውስካን የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ከኔጋቲቭ ፊልም ቀለም በማውጣት ረገድም ከሴን ይሻላል ብለው የሚመሰክሩለት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የኒኮን ስካን ባለቤቶች በአንድ ቤት ላይ ተደግፈው እንደነበሩ ሁሉ፣ የቪውስካንም ባለቤቶች በሌላ አንድ ቤት ላይ ተደግፈዋል። ቤቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ይህ ግን የሰዎቹን ትጋት የሚያሳይ እንጂ የሥርዓቱን ጽናት የሚያረጋግጥ አይደለም።

ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ሲዘጋ የሚሆነውን ደግሞ ከኤፕሰን ስካነሮች ማየት ይቻላል። ለአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፊልምም ለማንበብ ለሚያገለግለው ፐርፌክሽን ቪ500፣ ለሊኑክስ የተሰጠው ፕሮግራም በከፊል ክፍት ሲሆን፣ ያለ እርሱ መሣሪያው የማይሠራበት አንድ ተጨማሪ ክፍል ግን ዝግ ነው። ይህ ዝግ ክፍል የተዘጋጀው ለኢንቴል ዐይነት ፕሮሰሰሮች ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ ዐይነት ፕሮሰሰር ካለው ክፍቱ ጽሑፍ ብቻውን አይረዳም።

ዛሬ በሱቅ ስለሚገኙት አዳዲስ የፊልም ስካነሮችም አንድ ቃል እንጨምር። ፕለስቴክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ኦፕቲክፊልም ስካነሮች በሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ ዲዳ ሆነው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ ግን ጄነሲስ የሚባለው ባክኤንድ ተስፋፍቶ ከ7200 እስከ 8200አይ ያሉትን በርካታ ዐይነቶች ተቀበለ። ይህ ባክኤንድ ስሙን ያገኘው በውስጣቸው ካለው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሠሪ ነው። ቺፑ በብዙ የወረቀት ስካነሮችም ውስጥ ስለሚገኝ፣ ለወረቀት የተጻፈው እውቀት ለፊልም መንገድ ጠርጓል።

እስካሁን ስለ መሣሪያ ተናገርን። በመግቢያችን ለታሪክ ተማሪ ያልነው ግን ፊልሙን የሚመለከት ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በብራና መጻሕፍት ላይ የተደረገው የማይክሮፊልም ሥራ የታወቀ ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በኮለጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ረጅም ዕድሜያቸውን በዝርዝራቸው ላይ አሳልፈዋል። ከተነሡት መጻሕፍት ዋናው የጠፋበት ቢኖር፣ የሚቀረው ምስክር ፊልሙ ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የማይክሮፊልም ጥቅል በኩልስካን አይነበብም፤ ለእርሱ የተሠራ ሌላ መሣሪያ አለው። ከዚህ ውጭ ግን በየጋዜጣ ቤቱ፣ በየፎቶግራፍ ቤቱና በየቤተሰቡ ሳጥን የተቀመጠ ተራ የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ አለ፤ ለዚህ የሚሆነው የተናገርንለት ዐይነት መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ግን በሥራው ወቅት የሚያጋጥም አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጡት ኤልኤስ-30ና ኤልኤስ-2000 ጀምሮ ኩልስካኖች በዐይን የማይታይ አራተኛ ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ አላቸው። ይህ ብርሃን በቀለም ፊልም ማቅለሚያ ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል፤ በትቢያና በጭረት ላይ ግን ይሰናከላል። ስለዚህ በኢንፍራሬድ የተነሣው ሥዕል የጉድፎቹ ካርታ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም በካርታው እየተመራ ሥዕሉን ያጸዳል። ዲጂታል አይስ የተባለውን ይህን የማጽዳት ዘዴ ያወጣው በቴክሳስ የነበረ አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ጽሑፉ ዝግ ነው። ሴን ካርታውን አንብቦ ይሰጣል፤ የማጽዳቱን ሥራ ግን ለሌላ ፕሮግራም ይተወዋል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ሥዕሉን የሚሠራው ብር ስለሆነ፣ ብሩም ኢንፍራሬዱን እንደ ትቢያ ስለሚጋርደው፣ ዘዴው ከመጀመሪያው አይሠራም። ከድሮው የሀገራችን ፎቶግራፍ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነውና፣ ለኛ የሚጎድለው ነገር ከሚታሰበው ያንሳል። ትቢያውን አስቀድሞ በብሩሽና በአየር ማራገፍ ይበልጣል።

የፋየርዋይር ስካነር ያላቸው ሰዎች ግን ጊዜያቸው የተቈረጠ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ማክኦኤስ 26 ላይ የፋየርዋይርን አገልግሎት አስወግዷል። በሊኑክስ በኩል የፋየርዋይሩን ክፍል በ2023 የተረከበው ሰው እስከ 2029 ድረስ ሊጠብቀው አስቧል። ኤልኤስ-4000ንና ከእርሱ ሰፋ ያለ ፊልም የሚያነበውን ኤልኤስ-8000ን የሚመለከተው ይኸው ነው። በዩኤስቢ የሚሠሩትን ኤልኤስ-50ንና ኤልኤስ-5000ን ግን አይነካቸውም። የፋየርዋይሩም የከርነል ክፍል ጽሑፉ ክፍት ስለሆነ፣ ከ2029 በኋላ የሚረከበው ሰው መነሣት ይችላል።